ለዱር እንስሳት ጥናት በውሾች ላይ የሚታሰር የጂፒኤስ መከታተያ አመራረጥ

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ በመተላለፍ በተደጋጋሚ እልቂት አስከትሏል። ውሾቹ ከመንደር ወጥተው የሚደርሱበትን ስፍራ ለማወቅ የጂፒኤስ መከታተያ በአንገታቸው ይታሰራል። መሣሪያው ሲመረጥ የሚከተሉት ይታያሉ፦

• ክብደት፦ ከነማሰሪያው ከውሻው ክብደት 3 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ15 ኪሎ ግራም ውሻ እስከ 450 ግራም ማለት ነው።
• ባትሪ፦ ውሻው ወደ ባለቤቱ ስለሚመለስ ባትሪውን በየጊዜው መሙላት ይቻላል፤ ስለዚህ ከባድ ባትሪ አያስፈልግም።
• መረጃ፦ የስልክ ኔትወርክ በሌለበት አካባቢ መረጃውን በራሱ የሚያከማች መሣሪያ ተመራጭ ነው።
• አስተሳሰር፦ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፤ ቁስል አለመኖሩም በየጊዜው ይፈተሻል።

በፓርኩ ውስጥ ጥናት ለማካሄድ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የውሻው ባለቤት ስምምነትም አስቀድሞ ሊገኝ ይገባል።