ዕጣ ፈንታና ነጻ ፈቃድ በቀደሙት አበው ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው አባባል በሀገራችን የተለመደ ነው። መከራ የደረሰበት ሰው ሲናገረው መጽናኛ ይመስላል፤ በደል የሠራ ሰው ሲናገረው ግን ጥፋቱን ከራሱ አውርዶ በፈጣሪው ላይ ይጭናል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በሮም ግዛት ስትስፋፋ፣ የሰው ሥራ ሁሉ በዕጣ ፈንታ ወይም በከዋክብት ዑደት አስቀድሞ ተወስኗል የሚል ትምህርት ገጥሟታል።

ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንቶኒኖስ ፒዮስ ባቀረበው ጽሑፍ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። ክርስቲያኖች በትንቢት ማመናቸው ሁሉ ነገር በግድ ይሆናል እንደ ማለት እንዳይቆጠር አስጠንቅቋል። እግዚአብሔር የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ማስገደድ አይደለም። አንዱ ክፉ፣ ሌላው ደግ እንዲሆን ከተወሰነበት የሚወቀስም የሚመሰገንም አይኖርም። ደግሞም አንድ ሰው ከአንዱ መንገድ ወደ ተቃራኒው ሲመለስ እናያለን፤ ዕጣ የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ154 በሮሃ (ኤዴሳ) የተወለደው ባርዳይሳን፣ ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ስለ ስሕተቶቹ አጥብቆ ቢቃወመውም፣ በዚህ ረገድ ጠንካራ ማስረጃ አቅርቧል። በየሀገሩ ሰዎች በየሰዓቱ፣ በልዩ ልዩ ኮከብ ሥር ይወለዳሉ፤ የአንድ ሀገር ሰዎች ግን አንድ ሕግ ይጠብቃሉ። ክርስቲያኖችም በየትኛውም ምድር ቢኖሩ የጌታቸውን ሕግ አይለውጡም። እንግዲህ ምግባርን የሚወስነው ኮከብ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ379 ያረፈው የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ከሰጣቸው ዘጠኝ ስብከቶች በስድስተኛው ኮከብ ቆጣሪዎችን ተከራክሯል። የመልካምና የክፉ ሥራችን ምንጭ እኛ ካልሆንን ሕግ አውጪና ዳኛ ከንቱ ናቸው፤ ሌባውም ነፍሰ ገዳዩም እጃቸውን መመለስ ስላልቻሉ አይጠየቁም። ገበሬውም ዘር ሳይዘራ፣ ማጭድ ሳይስል ምርቱን ይጠብቅ። የክርስቲያን ተስፋም ይጠፋል፤ ጽድቅ አክሊል፣ ኃጢአትም ፍርድ አይኖረውምና።

አበው በዚህ ትምህርታቸው ሰው ሁሉን ይችላል አላሉም። የተወለድንበትን ቤት፣ ሕመማችንንና ድህነታችንን አልመረጥንም፤ በዚህም የሚፈርድብን የለም። የምንጠየቀው በተሰጠን ኑሮ ውስጥ በሠራነው ነው። ስለዚህ የታመመውን ወይም የደኸየውን «በምርጫህ ነው» ማለት እንደማይገባ ሁሉ፣ የበደለውንም «ዕድልህ ነው» ብሎ ማሰናበት አይገባም። እንዲህ ያለው ቃል ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን የንስሐን በር ይዘጋበታል። «እኔ በደልኩ» ማለት የሚችል ሰው ብቻ «እመለሳለሁ» ማለት ይችላልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።