ክንድ፣ ጣሳና ፈረሱላ

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው የቡና ነጋዴ መንገዱ በቡሬ በኩል ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች የተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የኢሉባቦር ቡና ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ ጀመር።

ቡናው የሚመዘነው በፈረሱላ ነው፤ አንዱ ወደ 17 ኪሎ ግራም። ልጅ ግን ፈረሱላ አያነሳም። ገበያ የተላከ ልጅ የሚማረው በስኒና በጣሳ ነው፦ ጣሳው ተቆልሎ ነው ወይስ አፉ ድረስ ብቻ? ከተሰፈረ በኋላስ ምርቃት አለ? ጨርቅ ደግሞ በክንድ ይለካል፤ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ፣ ግማሽ ሜትር ገደማ። ክንዱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ዋጋ አለው። ገዢ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ቢመጣ አይፈረድበትም!

ይኸው ክርክር ዛሬ ክፍል ውስጥ ይነሳል። ልጆች ማስመሪያ ከመያዛቸው በፊት በስንዝርና በእርምጃ ይለካሉ። መምህሩ ጠረጴዛውን 8 ስንዝር ሲል ተማሪዋ 12 ታገኛለች፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሴንቲ ሜትር የሚመጣው ከዚህ ጭቅጭቅ በኋላ ነው።