ዘውድ ያልጫነው ልጅ ያነገሣቸው አባት

ከከላላም ሆነ ከመካነ ሰላም ለጉዳይ ደሴ የወጣ ሰው «አይጠየፍ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይመለስም። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው፤ ማንንም የማይንቅ ቤት እንደማለት። ስለ ባለቤቱ ስንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን ያለችን መልስ አንዲት ናት፤ «የልጅ ኢያሱ አባት!» በቃ።

እስቲ ዛሬ ከዚያች አለፍ እንበል። ሰውየው መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ የወረ ሂመኖ ኢማም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ወይ እንዲጠመቁ፣ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ አዘዙ። ኢማሙ ተጠመቁ፤ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ራስ ሆኑ። እንደ ሸህ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉት ግን እምቢ ብለው አመፁ። ያኔ ራስ ሚካኤል የቆሙት ከአፄው ጎን ነበር።

ከዚያ የአፄ ምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ ኢያሱ ተወለዱ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ፈረሰኞቻቸውን ይዘው አድዋ ዘመቱ።

ልጅ ኢያሱ አያታቸውን ተክተው አገር ቢገዙም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ አልጫኑም። አባታቸውን ግን በግንቦት 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ አደረጓቸው። ይህ ለሸዋ መኳንንት የሚዋጥ አልነበረም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱን «ሰልመዋል» ብለው ከሥልጣን አወረዱ። ልብ በሉ! አባት ሹመታቸውን ለማቆየት ክርስቲያን መሆን ነበረባቸው፤ ልጅ ደግሞ ሥልጣናቸውን ያጡት ሙስሊም ሆነዋል ተብለው ነው።

ንጉሡ ለልጃቸው ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ አሸነፉ፤ ራስ ልዑልሰገድም ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ንግሥናቸው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላም በእስር እንዳሉ አረፉ።

ዛሬ እኛ «ወሎ ፍቅር ነው» እያልን እናወራለን፤ እውነትም አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እዚህ በአንድ ቤት ሲጋቡና ሲዋለዱ ኖረዋል። ይህ አብሮነት ግን ከሰማይ ዱብ አላለም፤ በግዳጅ ጥምቀት፣ በአመፅና በስደት መሃል አልፎ የመጣ ነው። መሐመድ አሊን ደብቀን ሚካኤልን ብቻ፣ ወይም ሚካኤልን ጠልተን መሐመድ አሊን ብቻ ካወራን ታሪኩን ለሁለት መሰንጠቃችን አይደለም ትላላችሁ?