ጓንቱና ጩኸቱ፤ የዋሴዳ ተማሪዎች የአሜሪካ ጉዞ

የተማሪ ስፖርት ቡድን ውጭ አገር ደርሶ ሲመለስ ሁላችንም የምንጠይቀው «ስንት ለስንት?» ብለን ነው። ውጤቱ ከተነገረን ወሬው አለቀ። ታሪክ የምንማር ተማሪዎች ግን አንድ ሌላ ጥያቄ መጨመር ያለብን ይመስለናል፦ ምን አይተው፣ ምን ይዘው መጡ? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ1905 ከቶኪዮ ወደ አሜሪካ የተጓዘው የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን ነው። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቤዝቦል የተወረወረ ኳስ በዱላ እየመቱ ከምልክት ወደ ምልክት የሚሮጡበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። ጃፓን የገባው በ1872 ገደማ ሆራስ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር ለቶኪዮ ተማሪዎቹ ባሳያቸው ጊዜ ነው። በተማሪ እጅ ገባ፣ በተማሪ እጅ አደገ። በ1896 የቶኪዮው አንደኛ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ልጆች ዮኮሐማ የሚኖሩትን የውጭ ዜጎች ቡድን 29 ለ 4 ረቱት። ፈረንጅ በገዛ ጨዋታው ተሸነፈ ማለት ነው።

የዋሴዳን ቡድን ይመሩ የነበሩት መምህር አቤ ኢሶ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፉ ሰው አይደሉም። አሜሪካ የተማሩ፣ ክርስቲያን፣ ደግሞም ሶሻሊስት ነበሩ። በ1901 ከጓዶቻቸው ጋር ያቋቋሙትን የሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ መንግሥት ገና ከመወለዱ አግዶታል። እኒህ መምህር ልጆቹ አገር ውስጥ ያሉትን ተቀናቃኞች ሁሉ ካሸነፉ አሜሪካ እንደሚወስዷቸው ቃል ገቡላቸው። በ1904 ልጆቹ አሸነፉ። ቃል ደግሞ ቃል ነውና በሚያዝያ 1905 በመርከብ ተሳፈሩ።

ጊዜው ግን የጨዋታ ጊዜ አይመስልም ነበር። ጃፓን ከሩሲያ ጋር ጦርነት ላይ ናት። ልጆቹ አሜሪካ እያሉ፣ በግንቦት ወር፣ የሩሲያ መርከቦች ጹሺማ ላይ ሰጠሙ። በዚያው ወር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጃፓኖችና ኮሪያኖች አገሩ እንዳይገቡ የሚታገል ማኅበር ተቋቋመ። እንግዲህ ልብ እንበል፦ ሜዳው ውስጥ እንግዳ ተብለው ኳስ የሚጫወቱት ልጆች፣ ከአጥሩ ውጭ ግን የወገኖቻቸውን መምጣት የሚጠላ ሰው እየተደራጀ ነው። የሚማሩት ከእንዲህ ዓይነቱ አገር ነበር።

በጠቅላላው 26 ጊዜ ተጫወቱ፤ 7 አሸነፉ፣ 19 ተሸነፉ። «ስንት ለስንት?» ብቻ ብለን ብናቆም ጉዞው ኪሳራ ነው። ነገር ግን እየተሸነፉ ያዩ ነበር። ጓንት እንዴት እንደሚሠራበት አዩ። ወርዋሪው ከግጥሚያው በፊት ክንዱን እንዴት እንደሚያፍታታ አዩ። መቺው ኳሷን በኃይል ከመምታት ይልቅ በዱላው ዳሰስ አድርጎ ከፊቱ ይጥላትና እሱ ተቃጥሎ ጓደኛው አንድ ምልክት ወደፊት እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ይህንንም አዩ። ሲመለሱ ያዩትን ደብቀው አልያዙም። የቡድኑ አምበል ሐሺዶ ማኮቶ በዚያው ዓመት አዲሱን የአጨዋወት ስልት በመጽሐፍ አሳተመው። ተቀናቃኝም ገዝቶ ያንብበው ማለት ነው!

ሌላም ያመጡት ነገር አለ፤ ጩኸት። የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ ጨዋታ ሲያይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በአንድ ድምፅ፣ በመሪ እየተመራ ይጮኻል፣ ባንዲራ ያውለበልባል። በ1905 መጸው ዋሴዳ ከኬዮ ጋር ሲገጥም ደጋፊዎቹ ትንንሽ ባንዲራ ይዘው፣ በኅብረት እየጮኹ መጡ። በ1906 ነገሩ ጦዘ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ኬዮ አሸነፈና ደጋፊዎቹ የዋሴዳ መሥራች ኦኩማ ቤት ደጃፍ ሄደው ጨፈሩ። ሁለተኛውን ዋሴዳ አሸነፈ፤ የእሱም ደጋፊዎች በተራቸው ኬዮ በር ላይ ጨፈሩ። ሦስተኛው ግጥሚያ ጠብ ይነሣል ተብሎ ቀረ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እንደገና የተጋጠሙት በ1925 ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!

ጩኸቱን ብቻ ጥፋተኛ አናደርገውም። የሁለቱ ፉክክር ከጉዞው በፊት፣ ከ1903 ጀምሮ የነበረ ነው። ጩኸቱ ፍሙን አራገበ እንጂ እሳቱን አልለኮሰም። ሆኖም ጓንቱም ጩኸቱም የመጡት በአንድ መርከብ ነው። አንዱ ጨዋታውን አሻሻለ፣ ሌላው ጨዋታውን በማስቆም ረዳ። ተጓዥ መርጦ የሚያመጣው አለ፤ ሳያስበው በልብሱ ተጣብቆ የሚመጣም አለ።

ይሄ ለእኛ ባዳ ወሬ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን አርአያ አድርገው ጽፈዋል። የ1931ዱ ሕገ መንግሥታችንም የጃፓኑን የ1889 ሕገ መንግሥት እያየ የተጻፈ ነው። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ «ጃፓን ከፈረንጅ ተምራ ሠለጠነች» ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን። እንዴት ተማረች? ምኑን ወሰደች? የወሰደችው ነገር ቤቷ ሲገባ ምን ሆነ? የዋሴዳ ልጆች ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች ትንሽ በር ይከፍትልናል። መማር ማለት መሸነፍን ችሎ ዓይን አለመጨፈን፣ ያዩትን መጻፍ፣ ከዚያም ለባለጋራ ጭምር ማካፈል ነው። የመጣውን ሁሉ ደግሞ «ውጭ አገር እንዲህ ነው» ብሎ ከመቀበል በፊት ከየትኛው ፍም ጋር እንደሚገናኝ መመርመር ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ አለን። ከእንግዲህ የኛ ቡድን ከየትም አገር ሲመለስ ውጤቱን ጠይቀን አንበተን። ከተጫዋቾቹ አንዱ ያየውን ሁለት ገጽ ጽፎ ለዚህች መጽሔት ይስጥ። ተሸንፎም ከመጣ ይጻፍ፤ እንዲያውም ያን ጊዜ የበለጠ እናነበዋለን።