ከመጣል የተረፈው ቆዳ

ወንድ ሕፃን ሲወለድ የሽንቱ መውጫ ከብልቱ ጫፍ መሆኑ ቀርቶ ከሥሩ፣ አንዳንዴም እስከ ቆለጡ ድረስ ወርዶ የሚገኝበትን፣ ብልቱም ወደ ታች የሚጎብጥበትን የተፈጥሮ ጉድለት፣ ሐኪሞች ጋሌኖስ በ2ኛው መቶ ዓመት በተጠቀመበት የጽርእ ቃል ሂፖስፓዲያስ ይሉታል፤ ከ300 ያህል ወንዶች ልጆችም በአንዱ ላይ ይታያል። የጥንቶቹ የጽርእ ሐኪሞች ሄሊዮዶሮስና አንቲሎስ ያስተማሩት ፈውስ ከቀዳዳው ወዲያ ያለውን ጫፍ ቆርጦ ማስወገድ ነበርና፣ ስንቱ ብላቴና ሽንቱ ይቀና ዘንድ አካሉን እንደ ገበረ ባሰብሁ ቍጥር አንጀቴ ይላወሳል።

ያለውን ቆዳ አጥፎ ቧንቧ ማበጀት የተቻለው እጅግ ዘግይቶ ነው። የፓሪሱ ሲሞን ዱፕሌ እ.ኤ.አ. በ1874 አስቀድሞ የጎበጠውን ካቀና በኋላ፣ ቁስሉ እስኪሽር ወራት ታግሦ፣ ከብልቱ ሥር ያለውን ቆዳ በቀጭን ቱቦ ላይ ጠቀለለው፤ በ1880ም፣ ጥቅሉ ዙሪያውን ባይገጥም እንኳ ሌላ ቆዳ ከላዩ ከለበሰ የጎደለውን ገላው ራሱ እንደሚሞላው ጻፈ። የዚህ ጥበብ ቁልፍ፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህች አንዲት ማስተዋል ናት። ከ70 ዓመት ያህል በኋላ በለንደን የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ትውልደ አውስትራሊያዊው ዴኒስ ብራውን፣ በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ጠባቡን የቆዳ ጥብጣብ ሳይጠቀልል እንደ ተዘረጋ ትቶ የግራና የቀኙን ቆዳ በላዩ ስቦ ከደነው፤ ስፌቱ ተወጥሮ እንዳይተረተር በብልቱ ጀርባ በኩል በረጅሙ ሰነጠቀ፤ ክሩም ሥጋ እንዳይበላ በዶቃ ያዘው። ተከድኖ የቀረው ጥብጣብም ከዳርና ከዳር እያደገ ክብ ቧንቧ ሆነ። አሜሪካዊው ዋረን ስኖድግራስ በ1994 ያንኑ ጥብጣብ መካከሉን በመሰንጠቅ ሰፍቶ እንዲታጠፍ አደረገ፤ ዛሬም ብዙዎች የሚከተሉት መንገዱን ነው።

በአገራችን ሕዝበ ክርስቲያን ዘንድ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። እንዲህ ሆኖ የተወለደው ሕፃን ግን ሸለፈቱ ከሥር ጎድሎ ከላይ እንደ ቆብ የተከመረ ነውና፣ ገራዡ ትርፍ ብሎ የሚጥለው ያ ቆዳ ለሐኪሙ የቧንቧ መሥሪያና የቁስል መሸፈኛ ስለሆነ፣ ምላጭ ሳይነካው ለሐኪም ይታይ ዘንድ ወላጆችን እማፀናለሁ። ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት ምስክርነት፣ ግዝረት በእኛ ዘንድ የአገር ልማድ እንጂ የኦሪትን ሕግ መፈጸሚያ እንዳይደለ ገልጸዋልና፣ ቀኑ ቢዘገይ ነፍስን የሚያስጨንቅ ነገር የለበትም። ሐኪሞች ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ቢሠራለት ይመርጣሉ፤ ከሸለፈቱ የሚሹትን ወስደው ሲጨርሱም፣ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ እንደ ተገረዘ ሆኖ ወደ እናቱ እቅፍ ይመለሳል።