የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በፊልም

የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በፊልም ሲባል፣ ኢትዮጵያዊው የሙዚቃ ቀማሪና አቀናባሪ ዶ/ር ሙላቱ አስታጥቄ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያስቀረጿቸው የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች በሲኒማ ማጀቢያነት ያገኙትን ቦታ ይመለከታል። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የሚታወቀው አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባቀረበው «ብሮክን ፍላወርስ» (የተሰበሩ አበቦች) በተባለው ፊልም ውስጥ የተሰሙት ሦስት ሥራዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሙዚቃውን አመጣጥ፣ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሚና፣ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሌሎች የኢትዮጵያ ሙዚቀኞችን የፊልም ሥራዎች እና ከጉዳዩ ጋር የተያያዘውን የመብት ጥያቄ ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሙዚቀኛው አጭር ታሪክ

ሙላቱ አስታጥቄ ታኅሣሥ 9 ቀን 1936 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 19 ቀን 1943) በጅማ ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ምህንድስና እንዲማሩ ወደ ብሪታንያ ተልከው በዌልስ በሚገኘው ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ገቡ። እዚያ ሳሉ ዝንባሌያቸው ወደ ሙዚቃ እንደሆነ ታወቀ፤ ትምህርታቸውንም በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ቀጠሉ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆኑ። ቫይብራፎን የተባለውን በመዶሻ የሚመታ የብረት መሣሪያና የምት መሣሪያዎችን ያጠኑት በዚያ ነው።

በ1966 በኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል ርዕስ ሁለት አልበሞችን አወጡ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ከድምፃውያንና ከባንዶች ጋር በአቀናባሪነት መሥራት ጀመሩ። በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም በኒውዮርክ ተቀረጸ፤ በ1974 ደግሞ «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» በአምሀ ሪከርድስ ታተመ። አምሀ ሪከርድስ በ1969 በአቶ አምሀ እሸቴ የተቋቋመ የመጀመሪያው የግል የሸክላ አሳታሚ ነበር። ታዋቂው አሜሪካዊ ጃዝ መሪ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባን ሲጎበኝ ከተባበሩት የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች አንዱ ሙላቱ ነበሩ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ ታወጀ። የምሽት ክበቦች ሥራ ቀዘቀዘ፤ አምሀ እሸቴን ጨምሮ በርካታ የሙያው ሰዎች ከአገር ወጡ። ሙላቱ ግን በአገር ውስጥ ቀርተው በማስተማርና በሙዚቃ ሥራ ቆዩ። የቀድሞዎቹ ሸክላዎች ከገበያ ጠፍተው በሰብሳቢዎች እጅ ብቻ የሚገኙ ሆኑ።

ኢትዮ ጃዝ እና ቅኝት

ኢትዮ ጃዝ የሙላቱ ስያሜ ነው። በአጭሩ ሲገለጽ፣ የኢትዮጵያን ቅኝቶች መሠረት ያደረገ ዜማ ከጃዝ ስምምነትና ከላቲን ምት ጋር የሚገናኝበት የሙዚቃ ዓይነት ነው።

ዋና ዋናዎቹ የአማርኛ ዘፈን ቅኝቶች አራት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፦

• ትዝታ፦ ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን፣ ግማሽ ትዝታ በሚባለው ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ።
• ባቲ፦ በአንድ ዓይነቱ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ በሌላው ዓይነቱ ሚ እና ሲ ዝቅ ይላሉ።
• አምባሰል፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ።
• አንቺ ሆዬ፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ።

የምዕራቡ ዓለም ሙዚቃ በአሥራ ሁለት ድምፆች ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ አምስት ድምፅ ካለው ዜማ ሥር ብዙ ድምፅ ያለው ስምምነት ሲገባ የቅኝቱ ጠባይ ሊጠፋ ይችላል። ለምሳሌ በትዝታ ዜማ ሥር ከቅኝቱ ውጭ የሆኑ ድምፆች ከበዙ አድማጩ ትዝታነቱን አያውቀውም። የሙላቱ አቀነባበር ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። መልሳቸውም ዜማውን በቅኝቱ ውስጥ ማቆየት፣ ከሥሩ አጭር የባስ ሐረግ እየደጋገሙ ማስኬድ፣ በላዩ ደግሞ ሳክስፎን፣ ቫይብራፎን ወይም የኤሌክትሪክ ፒያኖ በነፃነት እንዲጫወት መፍቀድ ነው።

ይህ አሠራር ለፊልም የሚመች ጠባይ አለው። አጭር ሐረግ ሲደጋገም ጊዜ እየሄደ መሆኑን ያሳውቃል እንጂ ወደ አንድ ጣሪያ አይቸኩልም። ግጥም ስለሌለው ከተዋንያን ንግግር ጋር አይጋጭም። ሐዘን ወይም ደስታ ብቻ ብሎ ለመፈረጅም አስቸጋሪ ነው።

እንደገና መገኘት

በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሲዲ ተከታታይ አራተኛው ቅጽ ወጣ። ቅጹ ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጹ የሙላቱን የመሣሪያ ሙዚቃዎች የያዘ ነው። አሳታሚው ቡዳ ሙዚክ የተባለ የፓሪስ ድርጅት ነበር። ሥራዎቹ ከተቀረጹ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ከኢትዮጵያ ውጭ ላለው አድማጭ በሰፊው የደረሱት በዚህ መንገድ ነው። ለፊልም መመረጣቸውም የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

«ብሮክን ፍላወርስ»

ፊልሙ በ2005 በካን የፊልም ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዶን ጆንስተን (ቢል መሪ) ዕድሜው የገፋ ላጤ ነው። አንድ ቀን ላኪው ያልታወቀ ሮዝ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ እንዳለው ይነግረዋል። ጎረቤቱ ዊንስተን (ጄፍሪ ራይት) የወንጀል ምርመራ ታሪክ የሚወድ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። ዶን የቀድሞ ወዳጆቹን አንድ በአንድ እንዲጎበኝ የሚገፋፋው፣ የጉዞውን ካርታና ትኬት የሚያዘጋጅለትም እርሱ ነው። ለመንገዱም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ያለበት ሲዲ ይሰጠዋል።

በፊልሙ ማጀቢያ አልበም ላይ የሚገኙት የሙላቱ ሥራዎች «የግሌ ትዝታ»፣ «የከርሞ ሰው» እና «ጉብልዬ» ናቸው። «የከርሞ ሰው» የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት መጠሪያም ነው።

በፊልም ጥናት፣ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው የሚሰሙት ሙዚቃና ተመልካቹ ብቻ የሚሰማው ሙዚቃ ይለያያሉ። በ«ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የሙላቱ ሙዚቃ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ዶን በተከራየው መኪና ሲዲውን ሲከፍት ሙዚቃውን እርሱም እኛም እንሰማለን፤ ያው ድምፅ ከመንገዱ ምስል ጋር ሲቀጥል ደግሞ የፊልሙ ማጀቢያ ይሆናል። ዊንስተን በጉዞው ላይ የለም። ሆኖም የሰጠው ሙዚቃ በተሰማ ቁጥር ዶን ብቻውን እንዳልሄደ ይታወቃል። የዶን ፊት ብዙም ስሜት ስለማያሳይና ንግግሩም ጥቂት ስለሆነ፣ ያለፈ ፍቅርን ፍለጋ መሄዱን ይበልጥ የሚናገረው ሙዚቃው ነው። ትዝታ በአማርኛ የማስታወስ ስሜትም፣ የቅኝት ስምም፣ የዘፈን ዓይነትም መሆኑን ለሚያውቅ አድማጭ «የግሌ ትዝታ» የተባለው ሥራ እዚህ ቦታ መግባቱ ተጨማሪ ትርጉም ይሰጠዋል።

የተቀመረ እና የተመረጠ ማጀቢያ

ሙላቱ አንዳንድ ጊዜ የ«ብሮክን ፍላወርስ» ሙዚቃ ደራሲ ተብለው ይጠራሉ። ይህ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ በሁለት መንገድ ይገኛል።

የተቀመረ ማጀቢያ፦ ቀማሪው የተቀነባበረውን ምስል አይቶ፣ ሙዚቃ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቦታ ከዳይሬክተሩ ጋር ወስኖ፣ በሰከንድ ለክቶ አዲስ ሙዚቃ ይጽፋል።

የተመረጠ ማጀቢያ፦ ዳይሬክተሩ ቀድሞ የተቀረጸ ሙዚቃ መርጦና ፈቃድ አግኝቶ ምስሉን ከእርሱ ጋር ያስማማል።

የሙላቱ ሦስት ሥራዎች ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ፊልሙ ከመሠራቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ ስለ ፊልሙ ምንም ሳይታሰብ የተቀረጹ ናቸው። ይህ ሥራቸውን አያሳንሰውም፤ በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ጥንካሬ ከምስል ጋር እንዲገጥም ታስቦ ያልተጻፈ፣ በራሱ የቆመ ሙዚቃ መሆኑን ያሳያል።

ሌሎች ኢትዮጵያውያን የፊልም ሙዚቃዎች

ጤዛ (2008)፦ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው። በጀርመን ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ በደርግ ዘመን ዙሪያ ይተርካል። ሙዚቃው ለፊልሙ ተብሎ የተቀመረ ሲሆን ቀማሪዎቹ ኢትዮጵያዊው የሳክስፎን ተጫዋችና የ«ውዳሴ» ባንድ መሥራች ዮርጋ መስፍን እና አሜሪካዊው የፒያኖ ተጫዋች ቪጄይ አይየር ናቸው። ፊልሙ በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትን፣ በካርቴጅ ፌስቲቫል ወርቃማውን ታኒት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ታላቅ ሽልማትን አግኝቷል። በካርቴጅ የምርጥ ሙዚቃ ሽልማትም ተሰጥቶታል። የተቀመረ ማጀቢያን ማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ ጤዛ ጥሩ መነሻ ነው።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሥራዎች፦ እማሆይ (1923–2023) በፒያኖ ድርሰቶቻቸው የታወቁ መነኩሲት ነበሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን የታተመ ሲሆን በ2006 የወጣው የ«ኢትዮፒክስ» ሃያ አንደኛ ቅጽ ሥራቸውን በዓለም አስተዋወቀ። ሙዚቃቸው በጋሬት ብራድሊ ዘጋቢ ፊልም «ታይም» (2020) እና በሬቤካ ሆል «ፓሲንግ» (2021) ተመርጦ ገብቷል። የመጀመሪያው ባሏ በእስር ላይ ያለባትን አሜሪካዊት የብዙ ዓመት ትግል፣ ሁለተኛው በ1920ዎቹ ኒውዮርክ የሁለት ሴቶችን ታሪክ ይናገራል። ሁለቱም ፊልሞች በጥቁርና ነጭ የቀረቡ ናቸው።

ላምብ (2015)፦ የያሬድ ዘለቀ ፊልም ሲሆን በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ሙዚቃውን የጻፈው ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ሻሶል ነው።

እነዚህ ምሳሌዎች ሲነጻጸሩ አንድ ነገር ይታያል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በውጭ አገር ፊልሞች ተፈላጊ የሆነው በአብዛኛው በቆዩ ቅጂዎች ነው፤ ለአዲስ ፊልም አዲስ ሙዚቃ የመቀመር ዕድል ያገኙት ኢትዮጵያውያን ግን ጥቂቶች ናቸው።

የመብት ጥያቄ

አንድ የቆየ ሙዚቃ በፊልም ሲገባ ሁለት የተለያዩ መብቶች ይነሳሉ። አንደኛው የድርሰቱ መብት ሲሆን የዜማው ቀማሪ ወይም ወራሾቹ ነው። ሁለተኛው የድምፅ ቅጂው መብት ነው፤ ይህ የሸክላው አሳታሚ ወይም መብቱን የገዛው አካል ነው። ፊልም ሠሪው ከሁለቱም ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ከአንዱ ብቻ የተገኘ ፈቃድ ሌላውን አይተካም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚገዛው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና እርሱን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው። በአዋጁ መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የከዋኞችና የድምፅ ቅጂ አምራቾች መብትም ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ይህ ግን የሚቆጠረው ከሰው ሞት ሳይሆን ከቅጂው ነው። ስለዚህ የቅጂው ጊዜ ሲያልቅ ድርሰቱ በጥበቃ ላይ ሊቀጥል ይችላል።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሸክላ የተቀረጹ ሥራዎች ላይ የተጫወቱ ሙዚቀኞች ብዙ ጊዜ ለአንድ ቀን ሥራ አንድ ጊዜ የሚከፈላቸው ነበሩ። ስማቸው በሸክላው ልጥፍ ላይ ያልሰፈረም አለ። የሙላቱን ዜማ ዓለም ሲያውቀው፣ በዚያው ቅጂ ላይ ሳክስፎን፣ ጊታር፣ ባስና ከበሮ የተጫወቱትን ማወቅ ግን የተመራማሪ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። በፊልም መጨረሻ ላይ የሚያልፈው የስም ዝርዝርም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው ዋናውን ባለቤትና አሳታሚውን ነው።

ከፊልሙ በኋላ

ከ«ብሮክን ፍላወርስ» በኋላ የሙላቱ አድማጭ በዓለም ዙሪያ ሰፋ። በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም የጥናት ቆይታ አደረጉ። በ2009 ከእንግሊዙ «ሄሊዮሴንትሪክስ» ባንድ ጋር አንድ አልበም፣ በ2010 «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ»፣ በ2013 ደግሞ «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባሉትን አወጡ። በ2010 አሜሪካዊው ናስ እና ጃማይካዊው ዴሚየን ማርሊ በጋራ በሠሩት ዘፈን ውስጥ «የግሌ ትዝታ»ን ቆርጠው ተጠቅመውበታል። በ2012 በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

ለጀማሪ አድማጭ

ሥራዎቹን በቅደም ተከተል ለማወቅ በመጀመሪያ «የከርሞ ሰው»፣ «የግሌ ትዝታ» እና «ጉብልዬ» ያለ ፊልሙ ይሰሙ። ቀጥሎ ፊልሙ ሲታይ ሙዚቃው የሚጀምርበትንና የሚቆምበትን ቦታ መመዝገብ ይጠቅማል፤ በተለይ በመኪናው ውስጥ የሚሰማውና ከመኪናው ውጭ የሚቀጥለው ይለይ። በመጨረሻ ጤዛ ታይቶ ለምስሉ ተብሎ የተቀመረው ሙዚቃ ቀድሞ ከተቀረጸው በምን እንደሚለይ ማነጻጸር ይቻላል።