ከ«አላወቅሁም» ወደ «አስረዳ»፦ የአውሮፓ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ አመጣጥ

ሕግ ዘወትር ከነገር ኋላ ይደርሳል። ገበያው ቆሞ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ጠብም ተነሥቶ ካደረ በኋላ ነው ዳኛ የሚጠራው። የኢንተርኔት መድረኮች በአውሮፓ ለሕግ የተገዙበት ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጥያቄው ከመነሻው አንድ ነበር፤ ይኸውም፣ ሌላ ሰው ላሰራጨው ነገር ቦታውን የሰጠው ተጠያቂ ይሆናልን? የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በሙኒክ ከተማ የኮምፑሰርቭ ኩባንያ የጀርመን ቅርንጫፍ ኃላፊ የነበሩት ሰው፣ ሌሎች ባሰራጩት ሕገ ወጥ ምስል ምክንያት የሁለት ዓመት እሥራት በገደብ ተፈረደባቸው። በ1999 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው። አንድ ነገር በሁለት ዳኞች ፊት ይህን ያህል ሲራራቅ፣ የተጻፈ ድንጋጌ ማስፈለጉ ግልጽ ነበር።

በሰኔ ወር 2000 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ መመሪያ መልስ ሰጠ። አገልግሎት ሰጪው ያከማቸው ነገር ሕገ ወጥ መሆኑን በእርግጥ እስካላወቀ፣ ሲያውቅም ሳይዘገይ እስካነሣው ድረስ ተጠያቂ አይሆንም። አባል አገሮችም አጠቃላይ የክትትል ግዴታ እንዳይጥሉበት 15ኛው አንቀጽ ከለከለ። የፖስታ ሠራተኛ ደብዳቤውን ሁሉ እየቀደደ ያንብብ ቢባል ማን ደብዳቤ ይልክ ነበር?

ይሁን እንጂ ሕጉ በጎን በኩል «አላወቅሁም» ማለትን ጋሻ አደረገው። ፈላጊው ከሚያየው ይልቅ ዐይኑን የጨፈነው የተጠበቀ መሰለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2011 በሎሬያልና በኢቤይ ክርክር፣ የሻጮችን ማስታወቂያ በማሻሻልና በማስተዋወቅ ንቁ ተሳትፎ ያደረገ መድረክ በዚህ ጋሻ ሊከለል አይችልም ሲል ወሰነ።

ከዚያ በኋላ አገሮች በየፊናቸው ሄዱ። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ፣ ሕገ ወጥነቱ ግልጽ የሆነ ጽሑፍ አቤቱታ በቀረበ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ አዘዘች፤ ቅጣቱም እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይደርስ ነበር። ፈረንሳይ ተመሳሳይ ሕግ ብታወጣ፣ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ በ2020 ዋና ዋና ድንጋጌዎቹን ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይጎዳሉ በማለት ሻራቸው። ቅጣትን የፈራ ሁሉ ሕጋዊውንም ጭምር ጠርጎ እንደሚጥል ተገንዝቦ ነበርና።

እንግዲህ በታኅሣሥ 2020 የቀረበው፣ በጥቅምት 2022 የጸደቀውና ከየካቲት 17 ቀን 2024 ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከዚህ ሁሉ ትምህርት የተገኘ ነው። አሮጌውን ጋሻ አላነሣም፤ ነገር ግን ከጎኑ «አስረዳ» የሚል ግዴታ አቆመ። ጽሑፍ ያነሣ መድረክ ምክንያቱን ለባለቤቱ ይገልጻል፤ ቅሬታም ይቀበላል። በኅብረቱ ውስጥ በወር 45 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተጠቃሚ ያላቸው ደግሞ በየዓመቱ ያደረሱትንና ሊያደርሱ የሚችሉትን አደጋ ይመዝናሉ፤ በገለልተኛ መርማሪም ይመረመራሉ። ሕጉን የጣሰ እስከ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው 6 በመቶ ሊቀጣ ይችላል።

ቲክቶክ በ2024 ተመልካችን በሽልማት የሚያባብለውን የላይት መርሐ ግብር ከኅብረቱ ገበያ ለማውጣት ቃል ገባ። በታኅሣሥ 2025 ኤክስ 120 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ፣ የተከሰሰው ሰዎች በጻፉት ነገር ሳይሆን፣ በሚያሳስተው ሰማያዊ ምልክቱ፣ በማስታወቂያ መዝገቡ ጉድለትና ለተመራማሪዎች መረጃ በመንፈጉ ነበር። የአዲሱ ሕግ ጠባይ በዚህ ይታወቃል፤ ከቃሉ ይልቅ አሠራሩን ይዳኛል።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ታላላቆቹ መድረኮች የተቆጣጣሪ ሠራተኞቻቸውን ቁጥር በየቋንቋው ለይተው እንዲያሳውቁ ሕጉ ያዝዛል፤ የሚቆጠሩት ግን የአባል አገሮች ይፋዊ ቋንቋዎች ናቸው። በሮም ወይም በስቶክሆልም ሆኖ በአማርኛ የሚጽፍ ወገናችን ጽሑፉ ሲነሣበት ምክንያት የመጠየቅ መብት አለው፤ በአማርኛ ሲሰደብም አቤት ሊል ይችላል። አቤቱታውን አንብቦ የሚረዳ ሰው ከወዲያ ማዶ ስለ መኖሩ ግን ከዚያ ሠንጠረዥ የሚያገኘው ማስረጃ የለም። ሕግ መልስን ሊያስገድድ ይችላል፤ መልሱ ፍርድ የሚሆነው ግን መላሹ ነገሩን ማንበብ ሲችል ነው።